ምትክ መኪና ስትመርጡ ከአርማው በፊት የምታዩት
በአውሮፓ ቤተሰባችሁን በቶዮታ አቬንሲስ ስቴሽን ዋገን ስታጓጉዙ የኖራችሁ ሁሉ፣ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2018 ከምርት ስለወጣ ምትክ ስትፈልጉ፣ «ቶዮታ ካልሆነ አልገዛም» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት እንድታጤኑ አደራ እላለሁ።

አርማው የምናስበውን ያህል አይነግረንም። ከ2015 ጀምሮ በናፍጣው አቬንሲስ ላይ የተገጠመው ሞተር የቢኤምደብልዩ ሥራ ነበር፤ በ2020 ገበያ ላይ የዋለው ሱዙኪ ስዌስ ደግሞ ከስሙና ከፊት ገጽታው በቀር ያው ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ነው። ስለዚህ ኮሮላንና ስዌስን ስታወዳድሩ ዋጋውን፣ የዋስትናውን ዘመንና ጋራዡ ለቤታችሁ ያለውን ቅርበት ተመልከቱ። የምታምኑት ሜካኒክ ካላችሁ ግን እሱን ላለማጣት ስትሉ በዚያው አርማ ብትጸኑ ተገቢ ምክንያት ነው እላለሁ።

ኮሮላው በስፋት መለኪያ አያሳፍርም፤ የዕቃ መጫኛው ወደ 600 ሊትር ሲጠጋ የአቬንሲስ 543 ነበር። ይሁንና የሊትር ቁጥር ሦስት የልጅ መቀመጫ ጎን ለጎን መግባቱን ስለማይነግር፣ መቀመጫዎቹንና የሕፃኑን ጋሪ ይዛችሁ ወደ መሸጫው ሂዱ፤ ሁሉንም አስገብታችሁ፣ ቀበቶዎቹን አስራችሁ፣ በሮቹን ዝጉና እዩት። ከጠበባችሁ የአዲሶቹ ስኮዳ ሱፐርብና ቮልስዋገን ፓሳት ስቴሽን ዋገኖች እስከ 690 ሊትር አላቸው፤ ሁለቱም በስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ስለሚመረቱ የእነሱንም ዋጋ አወዳድሩ።