ሐረጎን ለሚወጣ ሞተር፦ ኦይል ካች ካን እንዴት ይገጠማል?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን መሃል ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የዋለ ሞተር ውስጥ፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ሪንጉ (ፒስተኑን በሚከብበው የብረት ቀለበት) ዳር ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት ጉም ይዞ ይወጣና በቱቦ ተመልሶ ወደ አየር መግቢያው ይገባል። ፋብሪካው ያደረገው አየር እንዳይበከል ብሎ ነው፤ ጥሩ አድርጓል። ዘይቱ ግን ቫልቮቹ ጀርባ ላይ ይጋገርና ጥቀርሻ ይሆናል።

ኦይል ካች ካን ማለት ይህን ጉም መንገድ ላይ ጠብቆ ዘይቱን የሚያስቀር ጣሳ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞተራችሁን እወቁ። እንደ ድሮዎቹ ኮሮላና ቪትዝ ቤንዚኑ ከቫልቩ በፊት የሚረጭ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ራሱ ቫልቩን ያጥበዋል። ገንዘባችሁን ለዘይት ቅየራ አውሉት። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበት ሞተርና ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ናፍጣ መኪና ግን ከጣሳው ይጠቀማሉ። ናፍጣው ላይ ከጭስ የሚመጣውን ጥላሸት ጣሳው አያስቀርም። የሚያስቀረው ጥላሸቱን የሚያጣብቀውን ዘይት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አስነስታችሁ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ ቡፍ ቡፍ እያለ በኃይል ከወጣ ሪንጉ ሳያልቅ አይቀርም። መጀመሪያ እሱን አስመርምሩ፤ ጣሳ ያለቀ ሪንግ አያድንም። የተጋገረ ጥቀርሻም ካለ ራሱን ችሎ መታጠብ አለበት።

ስትገዙ ጣሳውን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ባዶ ከሆነ ተዉት፤ ጉሙ የሚጋጭበት ወንፊት ወይም ክፍልፋይ ያስፈልገዋል። አፉ ከመኪናው ቱቦ መጥበብ የለበትም። ከጠበበ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጨምርና ዘይት በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይፈስ በሚዘጋው ጎማ) በኩል መውጫ ይፈልጋል።

ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በብሎን እሰሩት። ሞተሩ በርዶ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ወደ አየር መግቢያ የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉ። ከክዳኑ የሚመጣው ወደ ጣሳው መግቢያ፣ ከጣሳው የሚወጣው ወደ አየር መግቢያው ይሂድ። ቱርቦ ያለው ላይ ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ ነው። ፒሲቪ ቫልቩን (የጉሙን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ትንሽ ቫልቭ) አታውጡት። የቱቦውንም ጫፍ ክፍት አትተዉት፤ ቤንዚን መኪና ላይ ያልተለካ አየር ይገባና የሞተር መብራት ይበራል።

ቱቦ ላይ አትቆጥቡ። እኔ የመጀመሪያውን በተራ የውሃ ጎማ ነበር የገጠምኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ አብጦ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሥር ተሰነጠቀ። ዘይት የሚችል ቱቦ ብላችሁ ጠይቁ። መሃል ላይ እንዳይረግብ አሳጥሩት፤ ከረገበ ፈሳሹ እዚያው ይተኛል። ፋሼታዎቹን በካቻቢቴ አጥብቁ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የፉጨት ድምፅ ካለ አዳምጡ።

አሁን ዋናው ሥራ ቀረ፦ ማፍሰስ። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በርዶ ክፈቱት፣ ከዚያ እንደ መጠኑ ወስኑ። እኔ በኅዳር ደሴ ላይ የከፈትኩት ማኪያቶ የመሰለ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ፈሳሽ ነበር። ደነገጥኩ፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተቃጥሎ የራዲያተር ውሃ ዘይቱ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ነገሩ ብርድ ነው። በማለዳ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ብቻ ደርሶ የሚቆም ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበቱ አይወጣም፤ ከዘይት ጋር ጣሳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በብርድ ወራት ቶሎ ቶሎ አፍስሱ። የሚያሰጋው በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ከነጣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ነው። ያኔ ሳትዘገዩ ጋራዥ ሂዱ።

ያፈሰሳችሁትን ወደ ሞተሩ አትመልሱት፤ ውሃና ነዳጅ አለበት። ወደ ቦርከናም አትድፉት፤ ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ አትክልት የሚያለማ ሰው አለ። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ፣ ዘይት ስትቀይሩ ከአሮጌው ዘይት ጋር ለሚሰበስበው ጋራዥ ስጡት።