ስለ አፋር ምድር መድረክ ላይ ሲናገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አፋር ታሪክና ባህል ንግግር አድርጌ ስጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ የአፋር አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ይህን ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» አሉኝ። ስለ ኤርታ አሌ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አሳምሬ የተረክሁትን ማለታቸው ነበር። አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሌሎችንም ንግግር በዚያው ጥያቄ እመዝናለሁ።

በድንቅነሽ ጀምሮ በድንቅነሽ መጨረስ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ አዳራሽ ለማነቃቃት እርሷን የሚያህል የለም። ችግሩ ተናጋሪው ከእርሷ ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ወደ ዛሬው ግመል አርቢ መዝለሉ ነው። አድማጩ በመካከል ምንም ያልተፈጸመ ይመስለዋል፤ የአፋር ሰውም የቅሪተ አካል ጎረቤት እንጂ የታሪክ ባለቤት ሆኖ አይታየውም። የአፋሮች መንግሥት የነበረው የአውሳ ሱልጣኔትስ የት ገባ? በ1875 እ.ኤ.አ. ለግብፅ ያደረው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ጦር አስከትሎ ወደ አውሳ ሲዘልቅ የአፋር ተዋጊዎች ደመሰሱት፤ እርሱም እዚያው ቀረ። በዚያው ሰሞን ጉንደት ላይ በግብፅ ጦር ላይ ስለተገኘው ድል ልጅ አዋቂው ያወራል። ይህችኛዋን የምንዘልላት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በስሙ ላይ መሰናከል። «ደንከል»ም «አዳል»ም ሌሎች ሲጠሩበት የኖሩት ስም ነው፤ ሕዝቡ ራሱን አፋር ይላል። የቦታውን ስም ለቦታው መጠቀም ያስኬዳል፤ ሰዎቹን «ደንከሎች» ማለት ግን አያስኬድም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አፋርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሕዝቡ ስም በ«ኪው» (Q) ይጀምራል። ፊደሉ የሚወክለው እንደ ትግርኛው «ዐ» ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። ይህን ሳያውቅ ንግግሩን ሁሉ «ቃፋር» እያለ የጨረሰ ሰው ሰምቻለሁ፤ አዳራሹ በትዕግሥት አዳመጠው።

ሙቀቱን ብቻ ማውራት። ዳሎል «የዓለም ሙቅ ቦታ» ይባላል፤ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የዓመት አማካይ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሚደንቀው የዓመቱ አማካይ ነው፤ በአንድ ቀን ከዚያ የባሰ የሚያነድዱ ሌሎች ቦታዎች አሉ። ደግሞም ምድሩ ባዶ አይደለም። አዋሽ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ከዚያ በፊት ግን የአውሳን እርሻና ግጦሽ ያጠጣል። አርብቶ አደሩ የሱጉምን አጭር ዝናብና የካርማን ክረምት እየጠበቀ መንጋውን ያንቀሳቅሳል። ዝናቡን ሳይጠቅሱ ዘላንነትን ማስረዳት አይቻልም፤ «ዝም ብለው ይዞራሉ» የሚለው ጉድለት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጨውን ፎቶ ብቻ ማድረግ። ረጅም የግመል ቅፍለት ሲታይ ሁሉም ያጨበጭባል። ከደንከል እየተቆረጠ ወደ ደጋ የወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገበያ ገንዘብ እንደነበረ ካልተነገረ ግን ግመሉ ምን እንደተሸከመ አልተነገረም።

ዳጉን፣ የአፋሮችን የዜና መለዋወጫ ሥርዓት፣ «የበረሃ ሬዲዮ» ብሎ ማለፍ። ይህ ከሁሉ ያስቆጨኛል፤ ሬዲዮ መልሰህ አትጠይቀውም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ባይተዋወቁም ቆመው ወይም ተቀምጠው ዜና ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ሰላም አለ ወይ፣ ማን በየት አለፈ። ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በዓይንህ አይተኸው ነው፣ ከማን ሰማኸው፣ መቼ እያለ ያጣራል። የሰማውን ደግሞ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው። ውሸት ማሰራጨት ያሳፍራል፤ በጎሳ ሕግም ያስቀጣል። አዛውንቱ ለካ እኔንም ዳጉ ጠይቀውኝ ነበር።

ሰዓቱን በሙሉ ለራስ መውሰድ። ያን ዕለት ለጥያቄ የተውኩት አሥር ደቂቃ ነበር። አዛውንቱ የሳትኩትን ማስተካከል የጀመሩት ከዚያ በኋላ በቡናው ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሰው ግን አብዛኛው ሄዷል፤ የጥበቃው ሠራተኛም ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።