የምሳ ሰዓት ግርግርን እንዴት መምራት ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ መሥሪያ ቤት የበዛበት ሰፈር ያለ ምግብ ቤት የቀኑን ገበያ የሚሠራው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው በአንዴ ይወርዳል፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በአንዴ ይበተናል። 8 ሰዓት ላይ አስተናጋጆቹ ተደግፈው ያወራሉ። ሱቅ ቢሆን ዛሬ ያልተሸጠ ሳሙና ነገ ይሸጣል። በ7 ሰዓት ባዶ የቀረ ወንበር ግን በቃ፣ ገበያው አምልጧል።

ብዙ ባለቤት ቤቱ ሲጨናነቅ ቶሎ የሚታየው ወንበር መጨመር ወይም ሰው መቅጠር ነው። እኔ እንደማየው ግን ሥራው የሚታነቅበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። እሱን ሳታገኙ ሌላውን ብታሰፉ ወጪ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ

ደብተር ይዛችሁ ጥግ ላይ ቁጭ በሉ። ከአራት ከአምስት ጠረጴዛ በላይ አትከታተሉ። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር የሆነበትን ሰዓት ጻፉ፦ የተቀመጡበት፣ ያዘዙበት፣ ምግቡ የደረሰበት፣ ሂሳብ የጠየቁበት፣ ከፍለው የተነሡበት።

ይህንን በአንድ የፍስክ ቀን፣ በአንድ ረቡዕና በአንድ አርብ አድርጉት። ረቡዕና አርብ ትዕዛዙ ወደ ጾም ምግብ ያጋድላል። አርብ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ እረፍት በተለምዶ ከ5 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር ሰው ተበታትኖ ነው የሚመጣው። ሦስቱን ቀን በአንድ ዓይነት ዝግጅት የሚገባ ቤት ወይ ያልቅበታል ወይ ይደፋል።

2. ወንበራችሁ ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ አስሉ

ጆን ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጡት ቀላል ቀመር አለ። በሰዓት የሚገባውን ሰው አንድ ሰው በሚቆይበት ጊዜ ብታባዙት፣ በአማካይ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ብዛት ይሰጣችኋል።

40 ወንበር አላችሁ እንበል። አንድ ደንበኛ 50 ደቂቃ ከቆየ፣ ወንበሩ ሁሉ ቢሞላ እንኳ በሰዓት የምታስተናግዱት 48 ሰው ነው (40 ለ50 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ)። ከ50 ደቂቃው 10ሩ ምግቡ አልቆ ሂሳብ የሚጠበቅበት ቢሆንስ? ያንን ብታስቀሩት በሰዓት 60 ሰው ይሆናል። አንድ ወንበር ሳትገዙ 12 ሰው ጨመራችሁ። ማእድ ቤቱ 60 ሰሃን ማውጣት ከቻለ ማለት ነው፤ ወደዚያም እንመጣለን።

3. የታነቀበትን ቦታ ፈልጉ

ምልክቱ ክምር ነው። የተዘጋጀ ምግብ የማእድ ቤቱ መስኮት ላይ ከቀዘቀዘ ችግሩ አስተናጋጅ ጋ ነው። አስተናጋጆቹ መስኮቱ ላይ ባዶ እጃቸውን ከቆሙ ማእድ ቤቱ ነው። ደንበኛው ስልኩን ይዞ ወደ ካሸሯ የሚያይ ከሆነ ሂሳቡ ነው።

ሂሳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አሁን አሁን እዚህ ጋ የሚባክነው ጊዜ ይገርማል። ደንበኛው በቴሌብር ይከፍላል። አስተናጋጇ የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንሥታ ወደ ካሸር ትሮጣለች። ብሩ የሚገባው በባለቤቱ የግል ስልክ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ስልኩን ይዞ ወጥቷል። ይደወልለታል። «ገብቷል?» «ቆይ ልየው።» ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል፣ ጠረጴዛውን የሚጠብቁ አራት ሰዎችም ከጎኑ ቆመዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክፍያው በድርጅቱ ቁጥር ይግባ፣ ማረጋገጫው የሚመጣበት ስልክም ከካሸሯ እጅ አይውጣ። የመክፈያ ቁጥሩ በየጠረጴዛው ይለጠፍ። ሂሳቡ ደግሞ እስኪጠየቅ አይጠበቅ፤ በምሳ ሰዓት ምግቡ ሲጋመስ ተዘግቶ ይምጣ። ማንም አይቀየምም፣ እሱም ቢሮ መመለስ አለበት።

4. ማእድ ቤቱን በምድጃ ለኩት

ተጋቢኖ በየሸክላው ስለሚሠራ እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ምድጃ ይይዛል። 4 ምድጃ ካላችሁና አንዱ 8 ደቂቃ ከፈጀ፣ ጣሪያችሁ በሰዓት 30 ተጋቢኖ ነው። ምግብ አብሳይዋ ላይ መጮህ ምድጃ አይጨምርም። ሽሮውን ቀድሞ በትልቅ ድስት አብስሎ በሸክላው ማንተክተክ ብቻ ቢቀር፣ አንዱ በ3 ደቂቃ ይወጣል፤ ያው 4 ምድጃ በሰዓት 80 ያወጣል። በያይነቱ ደግሞ ወጡ ቀድሞ ከተሠራ ምድጃ አይነካም፣ ሰሃን ላይ መደርደር ነው። ስለዚህ ሽሮ ሲደራረብ አስተናጋጁ «በያይነቱ አሁኑኑ ይደርሳል» ማለት ይልመድ።

ሜኑውንም ለምሳ ሰዓት ቀንሱት። ከሰዓት በኋላ የሚሸጠው ረጅም ዝርዝር 7 ሰዓት ላይ ጠላታችሁ ነው። ሽንኩርት ቀድሞ ይከተፍ፣ እንጀራው ተቆጥሮ ይቀመጥ። ሮቶው ሞልቶ፣ ጋዙ ተፈትሾ ይደር። መብራት ሲጠፋ ምን ብቻ እንደሚሸጥም ቀድሞ ይወሰን።

5. ሰዉን በሰዓቱ መድቡ

ሠራተኛው ከ6 ሰዓት በፊት ይብላ። ለእያንዳንዱ አስተናጋጅ የራሱ ጠረጴዛዎች ይሰጡት፤ «የማን ነው?» የሚባል ጠረጴዛ አይኑር። ምግብ አድርሶ የሚመለስ ሁሉ ባዶ ሰሃን ይዞ ይመለስ።

6. ለሚጠብቅ ሰው እውነቱን ንገሩት

«አሁን ይደርሳል» የሚባለው ነገር ደንበኛ ያሸሻል። 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ 20 ደቂቃ በሉት፤ የቸኮለ ሌላ ያዛል። ያለቀ ምግብ ካለ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት አስተናጋጁ ይናገር። ስህተት እንዲያርሙም ለአስተናጋጆቹ ፈቃድ ስጧቸው፦ የተሳሳተ ሰሃን ከመጣ አስተናጋጁ ማንንም ሳይጠይቅ ይቀይር። ባለቤቱ እስኪመጣ የተጠበቀ ጥብስ ሲመጣም አይጣፍጥም።

7. 8 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ ተቀመጡ

ቡናው እየተቀዳ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት ሰው ተስተናገደ፣ ከትዕዛዝ እስከ ምግብ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ጊዜ «አልቋል» ተባለ። የታነቀበት ቦታ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ሂሳቡ ፈጥኖ አሁን ማእድ ቤቱ ከጨነቀው፣ ወደ 4ኛው ሂዱ። የ«አልቋል» ዝርዝሩን ደግሞ ገበያ ለሚወጣው ሰው ስጡት፤ የነገውን እንጀራ ከማዘዙ በፊት ይየው።