ለቺንቺላ ጉዝጓዝና የቤት ዕቃ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽታው ደስ ያለንን ጉዝጓዝ መግዛት። እኛ ንጽሕናን በአፍንጫችን መለካት ለምዶብናል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዞ እጣን ሲጨስ ቤቱ የጸዳ ይመስለናል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ልጆቼ የመጀመሪያዋን ቺንቺላ፣ ያችን ጸጉረ ጥቅጥቅ የአይጥ ዘመድ፣ ሲያመጡ ሻጩ ካሳየኝ ሁሉ የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ የመረጥሁት ሽታው የአገር ቤቱን ጥድ ስላስታወሰኝ ነበር። በእርግጥም በአሜሪካ ሴዳር እየተባለ የሚሸጠው ጉዝጓዝ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ያ ደስ የሚል ሽታ ግን ከእንጨቱ የሚተን ዘይት ነው። ቀን ከሌት በላዩ ለምትተኛ ትንሽ እንስሳ ሳንባን ያስቆጣል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ሳምንት ሳይሞላ ታስነጥስ ጀመር፤ የእንስሳት ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ጉዝጓዙ ነበር። ጥሬ የፓይን ዛፍ ፍቅፋቂም ከዚህ የተሻለ አይደለም። የአስፐን ዛፍ ፍቅፋቂ፣ ወይም በምድጃ በደንብ የደረቀ ፓይን ይስማማታል። ሰጋቱራ ብናኙ ይበዛል። ሲረጥብ የሚጓጉለው የድመት አሸዋ ደግሞ ከተዋጠ አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር። ቡና ሲፈላም እጣኑ እርሷ ካለችበት ክፍል ራቅ ይበል።

ያገኙትን ጨርቅ ማንጠፍ። አሮጌ ፎጣ ክሩ ጣቷ ላይ ይጠመጠማል፤ ደም እስኪያቆም ድረስ ሊያንቀው ይችላል። ጨርቅ ከወደዳችሁ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋ። መብላት ከጀመረች አውጡት።

ወለሉን ባዶ ሽቦ መተው። እግሯ በቀዳዳው ገብቶ ይሰበራል፤ ባይሰበርም መዳፏ ይቆስላል።

የፕላስቲክ ዕቃ። በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሱቆች የሽቦ ቤቱን የሚሸጡት ከነፕላስቲክ መደርደሪያውና መደበቂያው ነው። የቺንቺላ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ትቆረጥማለች። የተዋጠ ፕላስቲክ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይቀራል። ቆጡም መደበቂያዋም ቀለም ያልነካው፣ ሙጫ የሌለበት እንጨት ይሁን፤ ተቆርጥሞ ሲያልቅ በሌላ ይተካል። ለመቆርጠሚያ ፀረ ተባይ ያልተረጨ የፖም፣ የፒር ወይም የአኻያ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው። የኮክ፣ የፕለም፣ የቼሪና የአፕሪኮት ቅርንጫፍ ግን ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው አይሰጣትም። ባሕር ዛፍና የብርቱካን ወገን የሆኑ ዛፎችም ይቅሩባት።

ቆጦቹን ሁሉ በአንድ ወገን መስቀል። መዝለል ትወዳለች፤ የሽቦ ቤቱም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከላይኛው ቆጥ ብታዳልጥ ግን እስከ ወለል ድረስ የሚይዛት ነገር ያስፈልጋል። አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ እያፈራረቃችሁ፣ እንደ ደረጃ ስቀሉላት።

ትንሽ መሽከርከሪያ። ለሃምስተር፣ ከእርሷ ለምታንስ የአይጥ ዘመድ፣ የተሠራው ጀርባዋን ያጎብጠዋል። የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 38 ሴንቲ ሜትር፣ መሮጫው ድፍን የሆነ ብረት ይምረጡ።

የአቧራ መታጠቢያውን ቀኑን ሙሉ መተው። ቺንቺላ በውኃ አትታጠብም፤ ጸጉሯ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል፣ ፈንገስም ያመጣል። የምትታጠበው ለእርሷ በተዘጋጀ፣ እንደ ዱቄት በላመ የድንጋይ አቧራ ነው፤ ተራ አሸዋ ቆዳዋን ይፍቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃታል። ዕቃው ውስጥ ከቆየ ትሸናበታለች፣ ዓይኗም ይቆጣል።

የመጨረሻው ስህተት ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ቦታው ነው፤ ቤቷን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ማስቀመጥ። ለልጆች ደስ ይላል፣ እርሷን ግን ሊገድላት ይችላል። የዘር ሐረጓ ከቺሌ ተራሮች ነው፤ ከአንዲት የጸጉር ቀዳዳ ከ50 በላይ ጸጉር ይበቅልባታል፣ ላብ አታልብም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን አደጋ ላይ ናት። ማራገቢያም ብዙ አይረዳትም፤ ላብ ለሌለው ገላ ነፋስ አያበርድም። በበጋ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ይሰጣት። እኛ ዘንድ ሁለት የግራናይት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሆን ሌላው ከሆዷ ሥር ነው።