ለሞቃት አካባቢ የዩኒፎርም ሕግ እንዴት ይጻፋል? በር ላይ ከቆመች መምህርት

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤታችን በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ፤ ማስመሪያ ይዤ። የጉርድ ቀሚስ እለካለሁ፣ ከራቫት ያላሰረውን እመልሳለሁ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ያልከተተውን አስከትታለሁ። አንድ ቀን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሸሚዟ ላይ ሹራብ ደርባ መጣች። ጥላ ሥር 36 ዲግሪ በሚደርስበት ወር! «አውልቂው» አልኳት። ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ ካወለቅኩት ሸሚዙ ያሳያል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሰልፉን ሳየው ግማሾቹ ሴቶች ደርበዋል። ነጩን ስስ ጨርቅ የመረጥነው እኛው ነን፤ ላብ ሲነካው ገላ እንደሚያሳይ ግን ማንም አላሰበም። መልስ ስላጣሁ አሳለፍኳት።

በዓመቱ ሕጉ እንደገና ይጻፍ ሲባል ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ተመሳሳይ ሥራ ለተሰጣችሁ መምህራንና ወላጆች ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

ከርዝመት አትጀምሩ፤ ከጨርቁ ጀምሩ። ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲያልፍ ደግሞ ከላብ በቀር ሌላ ማቀዝቀዣ የለንም። ስለዚህ ላቡን የሚያፍን ጨርቅ ልጁን ያፍነዋል። ጥጥ ከአየር ላይ ብቻ የክብደቱን 7 ወይም 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሽታም ፖሊስተር ላይ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል የገባ መምህር ሁሉ ይመሰክራል።

ታዲያ ንጹሕ ጥጥ ብቻ ይሁን? እኔ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ወላጆች መለሱኝ። ጥጥ ይጨማደዳል፣ ይገባል፣ ቶሎ አይደርቅም። ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚለበስ አንድ ሸሚዝ ብቻ ላለው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጨረሻ ላይ ጥጡ የሚበዛበት ቅይጥ መረጥን፤ አሁንም ትክክል ነበርን እላለሁ። አየሩ ደረቅ ሳይሆን ወበቅ የሚበዛበት ከሆነ ግን ከድሩም ከማጉም በላይ ስስነቱን ተመልከቱ፤ ወፍራም ጥጥ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ እንደራሰ ይውላል።

ናሙና ሳትፈትኑ አትፈርሙ። ጨርቁን አርሱትና መዳፋችሁ ላይ ዘርጉት፤ ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ለልጆቹ አይሆንም። አፋችሁን ጨርቁ ላይ ገጥማችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሹ ከወዲያኛው በኩል ለእጃችሁ ካልተሰማ አየር አያሳልፍም። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጥባችሁ እንደገና ለኩት። በመጨረሻ አንድ ሸሚዝ አሰፍታችሁ በፀሐያማው መስኮት በኩል ለሚቀመጥ ተማሪ ለሳምንት ስጡት። ከኮሚቴው ሁሉ የተሻለ አስተያየት የሰጠን እሱ ነው፤ «ኪሱ ሁለት እጥፍ ስለሆነ ደረቴ ላይ ላብ ያጠራቅማል» አለን። ኪሱን አነሳነው።

ቀለም ላይ ሁሉም ሰው ነጭ ይላል። ነጭ የላብ ምልክት አያሳይም፣ ገላን ግን ያሳያል። ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ተቃራኒ ናቸው፤ ብብት ሥር የረጠበውን ለክፍሉ ሁሉ ያውጃሉ። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሐፍረት የለም፤ እጁን ማውጣት ያቆማል። ደቃቅ መስመር ወይም ትንንሽ ዳማ ያለበት ሸሚዝ ሁለቱንም ይሸፍናል። ጥቁር ነገር አይለበስም የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የበረሃ ሙከራ ሰፊ ጥቁር ቀሚስና ሰፊ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰው ቆዳው ላይ የሚደርሰው ሙቀት እኩል መሆኑን አሳይቷል፤ ጥቁሩ የሚስበውን ትርፍ ሙቀት በልብሱና በገላው መካከል የሚያልፈው አየር ይወስደዋል። ዋናው ስፋቱ ነው። ስለዚህ ሕጉ ውስጥ «ሰፋ ያለ» የሚል ቃል ይግባ፣ ጠባብ ሱሪም ይቅር።

ርዝመትን በሴንቲ ሜትር አትጻፉ። በእኔ ማስመሪያ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ረጃጅሞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ቀሚሱ ያው ነው፣ ያደገችው ልጅቷ ናት። «ቆማ ጉልበቷን የሚሸፍን» በቂ ነው። ለወንዶቹም ጉልበት የሚደርስ ቁምጣ ይፈቀድ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ከተማ ቁምጣ የተከለከሉ ወንዶች ተማሪዎች በሙቀቱ የሴቶቹን ጉርድ ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ። ሕጉ ጉርድ አይከለክልማ! ሕግ ስትጽፉ ይህን ቀዳዳ አስታውሱ።

ከራቫትና ኮት ለበዓል ቀን ይቀመጡ። ገላ ያሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ በአንገት በኩል ይወጣል፤ ከራቫት ደግሞ ክዳኑ ነው።

ባርኔጣ ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ይኑረው፤ ኬፕ ጆሮንና ማጅራትን አይጋርድም። በሃይማኖቷ ምክንያት ፀጉሯን ለምትሸፍን ተማሪ ሕጉ ቀለሙንና ስስ ጥጥ መሆኑን ይንገራት እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቃት። ክፍል ውስጥ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ክፍት ጫማ ችግር የለውም፤ ለቤተ ሙከራ ግን ሽፍን ጫማና የጥጥ ጋዋን ግዴታ ነው፤ ፖሊስተር እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ቁጥጥሩ ላይ ሦስት ነገር ለምኜ አስገብቻለሁ። በልብስ ምክንያት ማንም ወደ ቤቱ አይመለስ፤ ትምህርቱን አጥቶ በፀሐይ የሚሄደው ልጁ ነው። ቢሮ ውስጥ የታጠቡ ትርፍ ሸሚዞች ይኑሩ። ተግሳጹም በሰልፍ ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ በሴት መምህርት ይሁን። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታትም ላላ ይበሉ፤ ገላ ሙቀትን የሚለምደው በዚያን ያህል ጊዜ ነው።

ስብሰባውን የት እንደምታደርጉም አስቡበት። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በጠዋት፣ ማራገቢያ ባለበት ቢሮ አደረግንና ምንም አልተስማማንም። ሦስተኛውን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠራሁት። ከራቫት ከቀረ ሥነ ሥርዓት ይጠፋል ሲል የከረመው ባልደረባዬ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የራሱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።