ሟች የተወው የአሜሪካ ጡረታ ገንዘብ እንዴት ይወረሳል?

ለቅሶ ቤት ሁሉም አማካሪ ነው። አንዱ "ገንዘቡን ቶሎ አውጡት" ይላል፣ ሌላው "ኑዛዜው ይታይ" ይላል። ሟች የተወው 401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ወይም አይ.አር.ኤ (ሰው በግሉ የሚከፍተው የጡረታ አካውንት) ከሆነ ሁለቱንም ለጊዜው አትስሙ።

መጀመሪያ የተጠቃሚ ቅጹ ላይ ማን እንደተጻፈ ገንዘቡን ከያዘው ድርጅት አጣሩ። ቅጹ ሟች "ብሞት ለእገሌ ይሰጥ" ብሎ የሞላው ወረቀት ነው። ኑዛዜ ሌላ ቢልም የሚያሸንፈው ቅጹ ነው። አንድ የዱፖንት (የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ) ሠራተኛ ሚስቱን ፈትቶ ቅጹን ሳይቀይር ሞተ። የፍቺው ውሳኔ ድርሻ የላትም ቢልም ገንዘቡ ለእሷ ተከፈለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ክፍያው ልክ ነው አለ። ቅጹ ባዶ ከሆነ የአካውንቱ ደንብ ይታያል። ብዙ ጊዜ ቅድሚያው የባል ወይም የሚስት ነው፤ እነሱ ከሌሉ ገንዘቡ ወደ ውርስ ንብረቱ ሊገባ ይችላል፤ ኑዛዜና ፍርድ ቤት የሚመጡት ያኔ ነው።

ቀጥሎ የሞት ሰርተፊኬት ኮፒ አብዝታችሁ አውጡ፣ ማኅተም ያለበትን። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ይፈልጋል።

አሁን ዋናው ነገር። ባል ወይም ሚስት ገንዘቡን ወደ ራሳቸው አይ.አር.ኤ ማዛወር ይችላሉ። ግን ዕድሜያቸው ከ59 ዓመት ተኩል በታች ከሆነና ገንዘቡ ቶሎ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ አይቸኩሉ፤ ካዛወሩት በኋላ ሲያወጡ 10 በመቶ ቅጣት አለ። ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ከሆናችሁ ደግሞ "የውርስ አይ.አር.ኤ" ይከፈትና ገንዘቡ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ ይተላለፍ። ቼክ በስማችሁ እንዳታስጽፉ! ሙሉው ገንዘብ የዚያ ዓመት ገቢ ተደርጎ ታክስ ይጣልበታል፣ መመለሻም የለውም።

ከ2020 ወዲህ አብዛኛው ወራሽ አካውንቱን በ10 ዓመት ውስጥ ባዶ ማድረግ አለበት። ሟች በ2024 ካረፈ ገደቡ ዲሴምበር 31፣ 2034 ነው። የሟች ልጅ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ወይም ወራሹ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ሕጉ ይለሰልሳል። ሟች በሕይወት ሳለ በየዓመቱ የማውጣት ግዴታው ጀምሮ ከነበረ እናንተም በየዓመቱ ታወጣላችሁ፤ እሱ በሞተበት ዓመት ያላወጣውንም ጭምር። ማውጣት የነበረባችሁን ብትዘነጉ ባልወጣው ላይ እስከ 25 በመቶ ቅጣት አለ። እኔ ብሆን ገቢዬ ዝቅ ባለበት ዓመት በዛ አድርጌ አወጣ ነበር።

ወራሹ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ፣ ሁለቱ አገሮች የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው በመደበኛው 30 በመቶ ተቀንሶ ነው የሚላክለት።