ስኳር የለመደ ምላስ ቡና በጨውና በቅቤ እንዴት ይልመድ

ቡና በጨው ሲባል ገና ሳይቀምስ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዛው ነበርኩ። አያቴ ከደሴ ወጣ ያለ ገጠር ነበር የምትኖረው እና ክረምት ስንሄድ ቡናው ተቀድቶ ሲደርሳት ከጎኗ ካለችው ትንሽዬ ጣሳ በሁለት ጣቷ ጨው ቆንጠር ታደርግና ሲኒውን ዞር ዞር አድርጋ ፉት ትላለች፣ ማንኪያ የሚባል ነገር የለም። ስኳር የለም ወይ ስላት "ስኳር እኮ ቡናውን ይገድለዋል ልጄ" አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ለሷ እንግዳው ስኳሩ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው፣ እሷ ባደገችበት ጓዳ ስኳር አልነበረም። ጨው ግን ከአፋር በግመል እየተጫነ መጥቶ አሞሌው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖረ ነገር ነው። ቦረና ደግሞ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል፣ ቡና ቀላ ይሉታል። ስለዚ "ቡና ከጨው ጋር አይሄድም" የምንለው ምላሳችን የለመደውን ይዘን ነው።

መሞከር ከፈለጋችሁ እኔ የለመድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ። ቡናውን በጣም አታጥቁሩት፣ ከጠቆረ ምሬቱ ብቻ ነው የሚቀረው እና ጨው ቢገባም አያድነውም። ጀበናው ከወረደ በኋላ አተላው እስኪዘቅጥ በደንብ ጠብቁ። አቦሉን ያለምንም ነገር ጠጡት፣ አዎ ይመራል፣ ግን የቡናውን የራሱን ጣዕም ሳታውቁ ጨው ምን እንደሚያደርግ አይገባችሁም። ቶናው ላይ ነው ጨው የሚገባው፣ ለአንድ ሲኒ ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ ጨው ጨው ካላችሁ አብዝታችኋል ማለት ነው። ልኩን ስታገኙት ጨውነቱ ጭራሽ አይታወቃችሁም፣ ምሬቱ ግን ለዘብ ይላል፣ ጨው በትንሹ ሲሆን ምላስ መራራ ነገር የሚሰማውን ስሜት ስለሚቀንሰው ነው። ጨውና ስኳር አንድ ላይ ግን በፍጹም አታድርጉ፣ ሞክሬው ሁለቱንም ነው ያጣሁት።

በረካው ላይ ቅቤ ጨምሩ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ቅቤው ለጋ ይሁን፣ ለወጥ የተነጠረው ኮረሪማውና አብሹ ቡናውን ይውጠዋል (አንዳንድ ቤት በሱ ነው የሚወዱት፣ እኔ ግን አልመክርም)። በረካ ስለሚቀጥን ቅቤው ያንን ቅጥነት ይሞላዋል፣ አፍ ላይ ልስልስ ብሎ ይቆያል። ትኩስ እያለ ነው የሚጠጣው፣ ከቀዘቀዘ ቅቤው ከላይ ይረጋና ያስጠላል፣ ብዙ ሰው "አልወደውም" የሚለው አንዴ ቀዝቅዞ ስለጠጣው ይመስለኛል። ውጭ ያላችሁ ከሱቅ ስትገዙ ጨው የሌለበትን ቅቤ ፈልጉ፣ አለበለዚያ ጨዉን መመጠን አትችሉም። በጾም ቅቤው ይቀርና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ነከር አድርጉ፣ ሽታው ብቻውን ይበቃል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ጨዉን ትታችሁ በጤና አዳም ስጡት።

ቡና ቁርሱን ገብስ ቆሎ አድርጉት፣ ከጨውና ከቅቤው ጋር በጣም ነው የሚስማማው። ፈንዲሻም ይሆናል፣ ዛሬ ፈንዲሻ የሌለበት ቡና ጎዶሎ ይመስለናል እንጂ በቆሎ ራሱ መነሻው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ በርበሬውም እንደዛው። ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ግን ለዚህ ቡና አይሆንም፣ ጣፋጭ ከበላችሁ በኋላ የምትጠጡት ጨው ያለው ቡና አፍ ላይ ይጣላል። አንድ ቀን ጠጥታችሁም አትወስኑ፣ እኔ ወደ ሦስተኛው ሳምንት ነው ስኳሩን መፈለግ የተውኩት።